እየሞተ ካለ ሃርድ ዲስክ ፎቶ ማዳን፦ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መጠገን

ፎቶዎቻችሁ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ያልተለመደ ጠባይ ማሳየት ጀምሯል እንበል። ፎልደሩን ስትከፍቱ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። አንዱ ፎቶ ደህና ይከፈታል። ሌላው ከግማሽ በታች ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ሦስተኛው ጭራሽ አልከፈትም ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የፎቶ መጠገኛ አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ ያስነሳዋል። ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ፎቶዎች የሚጠፉት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

እየሞተ ያለ ዲስክ የቀረው የማንበብ አቅም ውስን ነው። ስንት እንደቀረው ማንም በትክክል ሊነግራችሁ አይችልም፤ ሰዓታት ሊሆን ይችላል፣ ሳምንታትም። ፎልደር በከፈታችሁ፣ ፎቶ በፈለጋችሁ፣ መጠገኛ ባስሮጣችሁ ቁጥር ከዚያችው ላይ እየቀነሳችሁ ነው። ስለዚህ የቀረችውን አቅም ለአንድ ሥራ ብቻ አውሏት፤ ያለውን ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ ለመገልበጥ። መፈለጉም፣ መጠገኑም፣ መደርደሩም ከዚያ በኋላ በግልባጩ ላይ ይሠራል።

የትኛው ነው የተበላሸው?

«ፎቶዬ ተበላሸ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ልንል እንችላለን። አንደኛው፣ ዲስኩ እንደ ዕቃ ሲበላሽ ነው። ሁለተኛው፣ ዲስኩ ደህና ሆኖ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግበው ክፍል፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ ሲበላሽ ነው። ማውጫው እንደተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ አሉ፣ ግን የቱ ምዕራፍ የት እንደሚጀምር የሚነግራችሁ የለም። ሦስተኛው ደግሞ ፋይሉ ተገኝቶ፣ ተከፍቶ፣ ውስጡ ያለው መረጃ ሲጎድል ወይም ሲዛባ ነው።

ችግሩ ሦስቱም ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» የሚለው የዊንዶውስ መልእክት የሁለተኛው ምልክት ይመስላል። ነገር ግን ፋይል ሲስተሙ የተቀመጠበት ቦታ መነበብ ስላቃተው ብቻ ሊመጣ ይችላል። ያኔ እውነተኛው ችግር የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ምርመራ የሚጀመረው ሁልጊዜ ከዕቃው ነው።

ከሁሉ በፊት ቀላሉን ነገር ሞክሩ። ኬብሉን ቀይሩ፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ትናንሾቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚያው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱ ደካማ ከሆነ ወይም ኃይሉ ካነሰ ጤነኛ ዲስክ እንደታመመ ይሆናል። ይህን የምላችሁ ግን ዲስኩ እንግዳ ድምፅ ካላሰማ ብቻ ነው።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው

ሃርድ ዲስክ ውስጥ በማግኔታዊ ነገር የተለበጡ ክብ ሳህኖች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በላያቸው ሄድ የሚባል በጣም ትንሽ ማንበቢያ ያንዣብባል። በሄዱና በሳህኑ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በናኖሜትር ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ሄዱ ሳህኑን ከነካ ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው መረጃ ደግሞ በምንም ዓይነት ሶፍትዌር አይመለስም።

ዲስኩ በተደጋጋሚ «ጠቅ፣ ጠቅ» ካለ፣ ካንጫረረ፣ ወይም ለመሽከርከር ሞክሮ እየቆመ ከሆነ ወዲያውኑ ንቀሉት። እንደገና ሰክታችሁ «እስኪ አሁንስ?» አትበሉ። እንዲህ ያለው ዲስክ የባለሙያ ጉዳይ ነው። ወድቆ ከዚያ በኋላ ድምፁ የተለወጠ ዲስክም እንደዚያው ነው።

ድምፁ ደህና ሆኖ ንባቡ ብቻ ከተጓተተ ግን ምናልባት ችግሩ የሞቱ ሴክተሮች ነው። ዲስክ መረጃን የሚያስቀምጠው ሴክተር በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች ነው። የድሮው ሴክተር 512 ባይት ይይዛል፣ የአሁኑ 4096። አምስት ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶ ከ1200 በላይ በሆኑ ባለ 4096 ባይት ሴክተሮች ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ከእነዚያ አንዱ አልነበብ ሲል ዲስኩ ተስፋ አይቆርጥም። ደጋግሞ ይሞክራል፤ ለአንድ ሴክተር ብቻ ብዙ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ኮምፒውተራችሁ ድርቅ የሚለው ያን መልስ እየጠበቀ ነው።

የዲስኩን ጤና ከራሱ አንደበት መስማት ይቻላል። ስማርት የሚባል መቆጣጠሪያ በየዲስኩ ውስጥ አለ፤ እንደ ክሪስታልዲስክኢንፎ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ያነቡታል። እዚያ ከሚታዩት ብዙ ቁጥሮች ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ማወቅ ይበቃል። ቁጥር 5 በሞቱ ሴክተሮች ፋንታ መጠባበቂያ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተተካ ይናገራል። ቁጥር 197 መነበብ አቅቷቸው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። ቁጥር 198 በምርመራ ጊዜ ጭራሽ ያልተነበቡትን ይይዛል። እነዚህ ከዜሮ ከፍ ካሉና እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እያለቀለት ነው። ቁጥር 199 ብቻ ከፍ ካለ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስማርት «ደህና ነው» ስላለ ዲስኩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ምንም ሳያስጠነቅቁ የሚሞቱ ዲስኮች አሉ።

እጃችሁን ሰብስቡ

የዊንዶውስ ቼክዲስክን በታመመ ዲስክ ላይ አታስሩጡ። ቼክዲስክ የተሠራው ፋይል ሲስተሙን እርስ በርሱ እንዲስማማ ለማድረግ ነው። የእናንተ ፎቶ ለእሱ ጉዳዩ አይደለም። መነበብ ያቃተውን መዝገብ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊሰርዘው ይችላል፣ ያውም ያንኑ የታመመ ዲስክ ላይ እየጻፈ። ዊንዶውስ ሲነሳ በራሱ «ዲስኩን ልፈትሽ» ቢል እንኳ አስቁሙት።

ፎርማት አድርግ ሲላችሁ እምቢ በሉ። የመልሶ ማግኛ ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ የሚጫነው ፕሮግራም የሚያርፈው ምናልባት ፎቶአችሁ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ዲስኩን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚለውን የቆየ ምክርም እርሱት። ሲወጣ በሳህኖቹ ላይ እርጥበት ይቋጥርና የነበረውን ዕድል ያጠፋዋል። ክዳኑንም አትክፈቱ፤ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ፎልደሩን በትንንሽ ምስሎች መልክ ከፍቶ ማየት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል ለማዘጋጀት ሁሉንም ፎቶ መክፈት ይጀምራል። ሄዱ ከሳህኑ ጫፍ ጫፍ ይሮጣል፣ የሞቱ ሴክተሮች ላይም ደጋግሞ ይወድቃል። እናንተ ማየት ብቻ መስሏችኋል። ለዲስኩ ግን ከሥራዎች ሁሉ የከፋው ነው።

ግልባጩን መሥራት

ተራው ኮፒና ፔስት እዚህ አይሠራም። የመጀመሪያው የሞተ ሴክተር ላይ ሲደርስ ይደርቃል፣ ወይም ስህተት ብሎ ይቆማል። የምንፈልገው የሚነበበውን ሁሉ መጀመሪያ ወስዶ አስቸጋሪውን ወደ ኋላ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው። ዲዲሬስኪው የሚባለው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። በነፃ ይገኛል፤ በዓለም ዙሪያ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ያውቁታል።

አሠራሩ ያስደንቀኛል። በመጀመሪያው ዙር ዲስኩን በትልልቁ እየዘለቀ ያነባል። እንቅፋት ሲገጥመው አይከራከርም፤ ያን አካባቢ ዘሎ ደህናውን ይቀጥላል። ደህናው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወደ ዘለላቸው ቦታዎች ይመለስና ጠርዝ ጠርዛቸውን በጥንቃቄ ይቆነጥራል። በመጨረሻ ብቻ፣ ከፈለጋችሁ፣ የከፉትን ሴክተሮች ደጋግሞ ይሞክራል። በዚህ መሃል ዲስኩ ቢሞት እንኳ ደህናው ክፍል ቀድሞ ወጥቷል።

ሌላው ጥበቡ የካርታ ፋይሉ ነው። የትኛው ቦታ እንደተነበበ፣ የትኛው እንደቀረ በዚያ ይመዘግባል። ዲስኩ ቢቋረጥ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሲሞቅ እንዲያርፍ ብታቆሙት፣ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ያለ ካርታ ፋይል አትጀምሩ። ካለበለዚያ የተነበበውን ሁሉ እንደገና ለማንበብ ትገደዳላችሁ፣ አቅምም የለም።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ሊኑክስ ላይ ነው፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ሊኑክስ ባትጠቀሙም ችግር የለም። ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ጭናችሁ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሱ፤ ዲዲሬስኪው በውስጡ አለ። ጥቅሙ ድርብ ነው። ዊንዶውስ ዲስክ ሲሰካለት ሳትጠይቁት ያነበዋል፣ አንዳንዴም ይጽፍበታል። ሲስተምሬስኪው ግን እስክታዙት ድረስ ዲስኩን በራሱ አይከፍተውም።

ግልባጩ የሚያርፍበት ዲስክ ባዶ ቦታው ቢያንስ የታመመውን ዲስክ ሙሉ መጠን የሚያህል መሆን አለበት። ፎቶው ጥቂት ቢሆንም ባዶው ቦታ ጭምር ነው የሚገለበጠው። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ምንጩ የትኛው፣ መድረሻው የትኛው እንደሆነ በመጠኑና በመለያ ቁጥሩ ደጋግማችሁ አረጋግጡ። ሁለቱን ማቀያየር ማለት በፎቶዎቹ ላይ ባዶ መጻፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ እጃችሁ ከተጠራጠረ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ጊዜውስ? አንድ ቴራባይት በሰከንድ መቶ ሜጋባይት እየተነበበ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያ የጤነኛ ዲስክ ፍጥነት ነው። የታመመው ቀናት ሊወስድ ይችላል። በየመሃሉ ድምፁን አዳምጡ። ቀድሞ ያልነበረ ጠቅታ ከመጣ አቁሙ።

የሞቱት ሴክተሮችስ? ወደ አዲስ ፋይል ስትገለብጡ ያልተነበበው ቦታ በዜሮ ተሞልቶ ይቀራል። ስለዚህ ግልባጩ ላይ የተወሰኑ ፎቶዎች ቀዳዳ ይኖራቸዋል። የትኞቹ እንደሆኑ ማወቅም ይቻላል። ዲዲሬስኪው ያልተነበቡትን ቦታዎች እናንተ በመረጣችሁት ቃል እንዲሞላቸው ማድረግ ይቻላል፤ ይህን በሌላ የግልባጩ ቅጂ ላይ ሠርታችሁ ያ ቃል የተገኘበትን ፋይል ሁሉ ፈልጉ። የተጎዱት እነሱ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ከመክፈት ይገላግላችኋል።

ከግልባጩ ላይ ፎቶውን ማውጣት

አሁን የታመመውን ዲስክ ነቅላችሁ አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ብትሳሳቱ እንኳ የምትሳሳቱት ግልባጩ ላይ ነው።

ፋይል ሲስተሙ ካልተጎዳ ግልባጩን ለንባብ ብቻ ከፍታችሁ ፎቶዎቹን ከነስማቸውና ከነፎልደራቸው ትወስዳላችሁ። ዕድለኛ ናችሁ ማለት ነው። ከተጎዳ ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም የጠፋን ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ፈልጎ ሊያገኝ ይችላል። ያም ካልሆነ የመጨረሻው አማራጭ ፎቶሬክ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰው፣ የክሪስቶፍ ግረኒዬ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ፎቶሬክ ማውጫውን ትቶ ገጾቹን ራሳቸውን ያነባል። ጄፔግ ካሜራዎችና ስልኮች በብዛት የሚጠቀሙበት የፎቶ ፋይል ዓይነት ነው። እያንዳንዱ የጄፔግ ፎቶ በታወቁ ባይቶች ይጀምራል፤ በሄክስ አጻጻፍ «ኤፍኤፍ ዲ8»፣ መጨረሻው ደግሞ «ኤፍኤፍ ዲ9» ነው። ፎቶሬክ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ሲያገኝ ፋይሉን ቆርጦ ያወጣል። ስምና ፎልደር ግን አይመለስም፤ እነሱ የተጻፉት በጠፋው ማውጫ ላይ ነበር። ደግነቱ ካሜራው ፎቶው የተነሣበትን ቀንና ሰዓት ፎቶው ውስጥ ራሱ ጽፎታል። ኤግዚፍቱል በሚባል ፕሮግራም በዚያ ቀን መሠረት ስም መስጠትና መደርደር ይቻላል።

አንድ ድክመት አለው። ፋይሉ በዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ ተያይዞ ካልተቀመጠ፣ ማለትም ከተበጣጠሰ፣ ፎቶሬክ የመጀመሪያውን ቁራጭ ይዞ ቀጥሎ ያለውን የሌላ ፋይል መረጃ ሊቀጥልበት ይችላል። የላይኛው ክፍል ደህና ሆኖ የታችኛው ዝብርቅርቅ ያለ ፎቶ ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፎቶው ራሱ ሲጎድል

ጄፔግ ለምን በዚያ መልክ እንደሚበላሽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ጉዳቱን አይታችሁ ተስፋ አለው ወይስ የለውም ብላችሁ መገመት ትችላላችሁና።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላል። ከላይ ከግራ ጀምሮ ካሬዎቹን ተራ በተራ ይጽፋል። ቦታ ለመቆጠብ ሁለት ዘዴ ይጠቀማል። አንደኛ፣ የአንዱን ካሬ አማካይ ብርሃንና ቀለም በሙሉ አይጽፍም፤ ከቀደመው በምን ያህል እንደሚለይ ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ የሚጽፍባቸው ኮዶች ርዝመታቸው እኩል አይደለም። አንዱ ኮድ የሚያልቅበትን ለማወቅ ከፊቱ ያሉት በሙሉ በትክክል መነበብ አለባቸው።

አሁን መሃል ላይ ጥቂት ባይት ብቻ ቢጠፋ አስቡት። አንባቢው ኮድ የሚጀምርበትን ያጣል፤ ካሬዎቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። እንደገና ቦታውን ቢያገኝ እንኳ የቀለሙ ልዩነት የሚቆጠርበት መነሻ ተሳስቷል፤ ስለዚህ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ጭራሽ ካላገኘው ቀሪው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ከመሃል በታች ቀለሙ የተለወጠ ፎቶ ብዙ መረጃው አለ ማለት ነው። መነሻውን በእጅ ማስተካከል የሚችሉ የጄፔግ መጠገኛዎች አሉ፤ ጥሩ ውጤትም ይሰጣሉ። ግራጫው ቦታ ላይ መረጃው በዜሮ የተሞላ ከሆነ ግን የሚጠገን ነገር የለም።

የተጎዳው የፋይሉ ራስ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የምስሉ መጠንና የኮዶቹ መፍቻ ሰንጠረዦች አሉ። እነሱ ከሌሉ ምስሉ በሙሉ እያለም ፎቶው አይከፈትም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው መጠንና የጥራት ደረጃ፣ ካሜራው በተያዘበት በዚያው አቅጣጫ የተነሣ ጤነኛ ፎቶ ፈልጋችሁ የፋይሉን ራስ ከእሱ መዋስ። መጠገኛ ፕሮግራሞች «ናሙና ፎቶ ስጠኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከዚያ ካሜራ ደህና ፎቶዎችን ሰብስቡ።

ዋናው ምስል ጨርሶ ባይድን ውስጡ የተደበቀ ሌላ ምስል ሊኖር ይችላል። ካሜራዎች በጄፔጉ ራስ ውስጥ 160 በ120 ፒክስል የሆነች ትንሽ ምስል ያስቀምጣሉ። ያ ክፍል ከ64 ኪሎባይት ማለፍ ስለማይችል ምስሏ ትንሽ ናት። ቢሆንም ሌላ ምንም ለሌለው ሰው ፊት የሚለይባት ምስል ዋጋ አላት። ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥባቸው ሮው ፋይሎች ላይ ደግሞ ዕድሉ ይሰፋል። አብዛኞቹ ትልቅ፣ አንዳንዶቹም ሙሉ መጠን ያለው የጄፔግ ቅጂ በውስጣቸው ይይዛሉ። ሮው ዳታው ተጎድቶ ቅጂው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ኤግዚፍቱል ያወጣዋል። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰውም ካታሎጉ፣ ማለትም የፕሮግራሙ መዝገብ፣ ሌላ ዲስክ ላይ ከነበረ እዚያ የተቀመጡትን ቅድመ እይታዎች መፈለግ አለበት።

አይፎን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያስቀምጠው ሄይክ የተባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ከጄፔግ ይለያል። ምስሉን 512 በ512 ፒክስል ወደሆኑ ቁርጥራጮች ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ይጨምቃል። የት እንዳሉ የሚናገረው ክፍል ከጠፋ ፎቶው በሙሉ አይከፈትም። እሱ ካለ ግን የአንዱ ቁራጭ ጉዳት ለሌላው አይተርፍም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ እንጠግናለን ስለሚሉ አገልግሎቶች ያለኝን አቋም በግልጽ ልናገር። የጎደለውን ቦታ የሚሞሉት በግምት ነው። ለተራ የመልክዓ ምድር ፎቶ ምንም አይደለም። የሟች አባትን ፊት ግን እንዲህ መሙላት የማያውቁትን ሰው ፊት መሳል ነው። የተጎዳውን ዋና ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የተሞላውን ለይታችሁ ሰይሙት።

ኤስኤስዲ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ ከተቆለፈ

ኤስኤስዲ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ ነው። ሄድም ሳህንም የለውም፤ ሲሞት ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ በአንዴ ነው። ከእሱ ላይ የተሰረዘ ፎቶ የመመለስ ዕድሉም ጠባብ ነው። ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የተሰረዘው ቦታ ባዶ መሆኑን ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም ያጸዳዋል።

ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር ወይም በመሰል ነገር ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን አሁኑኑ ፈልጉ። ያለ ቁልፉ ፍጹም የሆነ ግልባጭም ዋጋ የለውም። አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ደግሞ ሳይነግሯችሁ በራሳቸው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አማካይነት መረጃውን ይመሰጥራሉ። ስለዚህ «ሰሌዳውን ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ አውጥተን እንቀይር» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትፍቀዱ። ባይመሰጥር እንኳ ሰሌዳው ላይ ለዚያ ዲስክ ብቻ የተለካ መረጃ ተጽፎበታል።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

የመረጃ መልሶ ማግኛ ባለሙያዎች ከአቧራ የጸዳ ክፍል፣ የሚተካ ሄድና እንደ ፒሲ-3000 ያሉ መሣሪያዎች አሏቸው። በእነዚህ መሣሪያዎች የትኛው ሄድ እንደደከመ ይለያሉ፣ በደህናዎቹ መጀመሪያ ያነባሉ፣ የምትፈልጉትን ፎልደር ብቻ አስቀድመው ማውጣት ይችላሉ። ስትሄዱ ጠይቋቸው፦ ክዳኑን የምትከፍቱት የት ነው? ከመክፈታችሁ በፊት ታሳውቁኛላችሁ? የወጡትን ፋይሎች ዝርዝር ሳላይ ክፈል ትሉኛላችሁ? የሞከራችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ የሠራችሁት ግልባጭና የካርታ ፋይል ካለም ስጧቸው። ከሁሉም በላይ የትኞቹ ፎቶዎች እንደሚበልጡባችሁ ንገሯቸው። ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት እነዚያ ቀድመው ወጥተዋል።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ቦታዎችንም ፈትሹ። የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ባዶ ቢመስልም፣ ካልተጻፈበት የድሮ ፎቶዎቹ ላዩ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፎቶሬክ እሱንም ያነባል። በቴሌግራም የላካችሁላቸው ሰዎች ዘንድ መጠኑ ያነሰ ቅጂ ይገኛል። በአሮጌ ስልክ፣ በኢሜይል፣ በክላውድ ላይ የተረሳ አይጠፋም።

የወጡትን ፎቶዎች ሁለት ቦታ አስቀምጡና ከፍታችሁ እዩዋቸው፤ ስማቸው መታየቱ ብቻ አይበቃም። መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ዜሮ ብቻ የሆነ ፋይል ብዙ ነው። አሮጌውን ዲስክ እስከዚያ አትጣሉት፣ አትስጡት፣ ፎርማትም አታድርጉት። ምልክት ለጥፋችሁበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።